የሚተኙበት አልጋ

ጋሪው ከአፈሩ መንገድ ወጥቶ የድልድዩን ድንጋይ ሲረግጥ አልጋው ተንገዳገደ። አናጢው ዘሎ ራስጌውን በሁለት እጁ ደገፈው፤ ሚስቱ ከግርጌው በኩል ያዘች። በቅሎዋን ከፊት የሚስበው ጋሪ ነጂ በቀኝ በኩል በሸራ ተሸፍነው የተደረደሩትን መድፎች ላለማየት አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ነበር የሚሄደው፤ መንገዱንም አያየውም።

«ቀስ በል እንጂ!» አለችው ሚስቲቱ። «እህል አይደለም የጫንከው።»

ቀስ ማለት ግን አልሆነለትም። ከዚያ ድልድይ ላይ ቶሎ ወርዶ ቤቱ መግባት እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ንጉሡ ሞተው ሁለቱ ልጆቻቸው በአባታቸው አልጋ ከተጣሉ ወዲህ፣ ታላቅየው ከወንዙ ወዲህ፣ ታናሽየው ከወንዙ ወዲያ ጦራቸውን አስፍረው ይተያዩ ነበር። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባም አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሁለቱም ወገኖች መድፎቻቸውን በሸራ አልብሰው ያውላሉ፤ ሸራው የተገፈፈ ቀን ግን ነገር እንዳበቃ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ባለ ፍጥጫ መሃል የምትኖር ከተማ ደግሞ አነጋገሯ ሳይቀር ይለወጣል። ሊገነፍል የደረሰ ወተት «ቃታ ላይ ነው» ተባለ። የተኳረፉ ባልና ሚስት «ማዶ ለማዶ ናቸው» ተባሉ። የተቆጣን ሰው ማብረድ የፈለገ «በል መድፍህን አልብስ» ይል ጀመር። አናጢው ይህችን የመጨረሻዋን ከሚስቱ አፍ ሳይሰማ የዋለበት ቀን የለም።

ሰፈሩ አናጢውን «ሞረድ» ነው የሚለው። የሠራውን እንጨት ሞርዶ፣ አለስልሶ፣ ደግሞ ሞርዶ ስለማይጠግብ ያወጡለት ስም ነው። አንዲት ሴት ልጁን ከወንዙ ማዶ ላለ የሸማኔ ልጅ ድሮ፣ አልጋው በሳምንቱ ይደርሳል ብሎ ለአማቾቹ ቃል ሰጥቶ ነበር። ሳምንቱ ሳይሞላ ጦሩ ሰፈረ። የከተማው ጣውላ ሁሉ ለመድፍ መደላድል ተወሰደ። እሱም የተሰበሩ የመድፍ ጎማዎች ሲጠግን ከርሞ፣ ድልድዩን የሚጠብቀው ሻምበል በሥራው ስለረካ ለድካሙ ጥቂት ወፍራም ጣውላ ሰጠው። ከዚያ በኋላ አልጋውን ለመጨረስ የፈጀበት ጊዜ የሞረዱ ጥፋት ነው።

ሚስቱ ከልጇ የምትሰማው ነገር ቢኖር በእህል ነጋዴዎች በኩል የሚመጣ ቁራጭ ወሬ ነበር። ደህና ናት፤ ከስታለች፤ አልከሳችም። አንዱ ነጋዴ ግን መሬት ላይ አንጥፋ እንደምትተኛ ነገራት። ከዚያ ቀን ወዲያ በቤቱ ሰላም የሚባል ጠፋ። ልጄ መሬት ላይ ተኝታ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል ወይ እያለች፣ አንዴ ባሏን፣ አንዴ ሻምበሉን ስትነዘንዝ ሰነበተች። በመጨረሻ ሻምበሉ በገበያ ቀን አልጋው ይሻገር ብሎ ፈቀደ። የፈቀደው ለአልጋው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ባልና ሚስቱ እስከ ድልድዩ አጋማሽ ሸኝተው ይመለሳሉ። እሷ ግን የክት ልብሷን ለብሳ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና ዳቦ የቋጠረ ጨርቅ በብብቷ ይዛ ነበር። አናጢው ቋጠሮውን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

በድልድዩ አጋማሽ አንድ ወፍራም አግዳሚ እንጨት ተጋድሟል። ከወዲህ ሁለት፣ ከወዲያ ሁለት ወታደሮች ይቆሙበታል። የገበያ ቀን ከወዲህ የመጣ ጋሪ ጭነቱን እዚያ አራግፎ ይመለሳል፤ የወዲያው ጋሪ መጥቶ ያነሳል። ጋሪ ነጂው አልጋውን በጥድፊያ አስወርዶ በቅሎዋን አዙሮ ሄደ። ደህና ዋሉም አላላቸው።

በወዲያ በኩል ያሉትን ወታደሮች የሚያዘው አሥር አለቃ አልጋውን ዞሮ ዞሮ አየው። እንዲያሳልፍ የታዘዘው እህል፣ ጨውና ዘይት ነው፤ ስለ አልጋ የነገረው የለም። ልጇ መሆን የሚችል ሰው ስለነበር ሚስቲቱ በእናት አፍ ለመነችው። እሱም ክፉ አልነበረም፤ ብቻ በራሱ ሥልጣን የሚያደርገው ነገር ያስፈራዋል። ልጠይቅላችሁ ብሎ ከድልድዩ ራስ ወዳለችው የቴሌግራፍ ጎጆ ሄደ። ሽቦው ለጦር ሥራ ብቻ ስለሆነ ወሬ አይበዛበትም። ከዚያች ጎጆ ወደ ታናሹ ልዑል ሰፈር የሄደው መልእክት ይህ ብቻ ነበር፦ «አልጋ ድልድይ ላይ ደርሷል። ልቀበል ወይስ ልመልስ?»

ባልና ሚስቱ ይህን አያውቁም። ፀሐዩ ደስ የሚል የረፋድ ፀሐይ ነው፤ ወንዙ ከሥር ይሄዳል። ሚስቲቱ ቆማ ደከማትና አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ሰው ያያል እኮ አላት ባሏ።

«ይየኛ። ሠርተኸው የለ? ወይስ ትጠራጠራለህ?»

ይህን ከተባለ ወዲያ መቆም አይቻልም፤ እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ዳቦውን ከቋጠሮዋ አውጥታ ቆርሳ ለአራቱም ወታደሮች አደለች። በቀኝ እጃቸው ጠመንጃ፣ በግራቸው ዳቦ ይዘው እየበሉ አልጋውን ማድነቅ ያዙ። ነገር ያመጣው ከወዲህኞቹ አንዱ ነው። ራስጌው በእኛ በኩል ነው፣ ስለዚህ የበላይነቱም የእኛ ነው አለ። ከወዲያ ያለው ደግሞ፣ የተኛ ሰው ፊቱ የሚያየው ወደ ግርጌ ስለሆነ ሰውየው እኛን እያየ ነው የሚነቃው ብሎ መለሰ። ቀልዱ እየመረረ ሲሄድ ሚስቲቱ ጣልቃ ገባች። አልጋው የልጇ እንደሆነና ራስጌውን ወዴት እንደምታደርግ ልጅቱ ራሷ እንደምትወስን ነገረቻቸው። ዳቦም ጨመረችላቸው፤ ወደ መብላቱ ተመለሱ።

መጀመሪያ የተሰማው ሆታ ነው። ከታናሹ ልዑል ሰፈር ተነሥቶ እየሰፋ፣ ከድንኳን ወደ ድንኳን እየዘለለ መጣ። ከዚያ መለከት ተነፋ። የሰፈሩ በር ወለል ብሎ ተከፈተና ሁለት ሰዎች ቀይ ምንጣፍ እየዘረጉ ወጡ፤ ኋላቸው በሰልፍ ልብስ የተሰለፈ ጦር ተከተለ። አሥር አለቃው ከጎጆው እየሮጠ መጥቶ፣ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «አልጋውን በክብር ተቀበሉ» የሚል መልስ እንደመጣለት እያለከለከ ነገራቸው። አናጢው ደስም አለው፣ ግራም ተጋባ። አልጋው ጥሩ እንደሆነ ያውቃል፤ እስከዚህ ድረስ ግን አልመሰለውም።

ከወዲህ በኩል ያሉት ይህን አልሰሙም። ያዩት የማዶ ጦር መለከት እየነፋ ወደ ድልድዩ ሲንቀሳቀስ ነው። ደወል ተደወለ። አናጢው ዞር ሲል ሸራው ከመድፎቹ ላይ ሲገፈፍ አየ። ጎማቸውን በገዛ እጁ የጠገናቸው መድፎች አፋቸውን ወደሱ አዙረው ተደርድረዋል። የሚስቱን ክንድ ያዘ።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አላት።

«አልጋውንስ?»

«አልጋው ይቅር!»

«እንግዲያው አንተ ሂድ» አለችና ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ያዘች። አናጢው ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቆመ። ተመልሶም አጠገቧ ተቀመጠ።

ምንጣፉ አግዳሚው እንጨት ዘንድ ደረሰ። በላዩ ላይ የታናሹ ልዑል እልፍኝ አስከልካይ፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ደርበው፣ ስምንት መለከተኞችን አስከትለው በቀስታ መጡ። ያረጁ፣ ረጅም ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ ያቀረረ ይመስል ነበር። ባልና ሚስቱ ተነሥተው እጅ ነሡ።

«አልጋው የታለ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይኸው ጌታዬ» አለ አናጢው።

ሽማግሌው አዩት። ከአልጋው ኋላ ደግሞ አሻግረው አዩ፤ ሌላ የሚመጣ ነገር እንዳለ ሁሉ።

«ይሄ የሚተኙበት ነው።»

«አዎ ጌታዬ» አለች ሚስቲቱ። «ሌላ ምን ይደረግበታል?»

እልፍኝ አስከልካዩ አሥር አለቃውን ጠርተው በሽቦ የላከውን ቃል በቃል አስደገሙት። ሲጨርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለባልና ሚስቱ ነገሩን አስረዷቸው። መልእክቱ ሲደርስ ልዑሉ ቁርስ ላይ ነበሩ። ወንድሜ የአባቴን አልጋ ለቀቀልኝ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ የሰፈሩ ሰው አበደ፤ ልዑሉ አሁን የክብር ልብሳቸውን እየለበሱ ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ሕዝብ ይዘው ተመልሰው የመጣውስ መኝታ ነው ቢሏቸው፣ ልዑሉ ወንድሜ ተሳለቀብኝ ማለታቸው አይቀርም። ሳይመሽ ይተኮሳል።

ሽማግሌው ይህን ብለው ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግራና ቀኝ ተወዛወዙበት።

«አይንቋቋም» አሉ።

«አይንቋቋም ጌታዬ» አለ አናጢው፤ በዚያ ጭንቅ መሃል እንኳ ድምፁ ኮራ።

«ሁለቱንም በአንድ አልጋ ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ። ታናሽየው እግሩን ታላቅየው ላይ ካልጫነ አይተኛም ነበር። ታላቅየው ይጮሃል፣ እኔ እገላግላለሁ።» ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል ነበር። ቆይተው አልጋው የማን እንደሆነ ጠየቁ። ሚስቲቱም ስለ ልጇ፣ ስለ ሸማኔው ቤት፣ መሬት ስለ መተኛቷ ሳታሳጥር ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተነሡ። ልዑሉ አልጋውን በክብር ተቀበሉ ብለው አዘዋል፤ አልጋ መጥቷል፤ እሳቸውም በክብር ይቀበሉታል፤ ከጌታቸው ቃል አንዲት አላጎደሉም። የቀረውን በኋላ ለልዑሉ ብቻቸውን ይነግሯቸዋል። አሁን የሚያስፈራው ከወዲህ የተደገነው መድፍ ነው። አንድ ሰው ሄዶ ለሻምበሉ ማስረዳት አለበት።

ሁሉም አናጢውን አየው።

ወደ መድፍ አፍ በእግር መሄድ ምን እንደሚመስል አናጢው ኋላ ሲጠየቅ፣ እግሬ የሰው እግር ሆኖብኝ ነበር ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። እጆቹን ከፍ አድርጎ ደረሰ። ሻምበሉ መጀመሪያ ጮኸበት፤ ነገሩን ሲሰማ ደግሞ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ግን ወታደር ነው። የነሱ ሰልፍ ወደ ኋላ ካልተመለሰ እኔ ሸራ አላለብስም አለ። አናጢው ይህን ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌው ደግሞ፣ መድፍ ተደግኖብኝ ወደ ኋላ ብዞር ሸሸ እባላለሁ፤ ስለ ራሴ አይደለም፣ የልዑሉን ስም ይዤ ነው የመጣሁት፤ መጀመሪያ እነሱ ያልብሱ አሉ። አናጢው ይህንንም አደረሰ። ሻምበሉ የመጀመሪያውን ደገመ። አናጢው በላብ ተጠምቆ ሲመለስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር፤ በሁለቱም ዳርቻ ያለው ወታደር መቁነጥነጥ ጀምሯል።

ሚስቲቱ ቋጠሮዋን አልጋው ላይ አስቀመጠች።

«መጀመሪያ ማን፣ መጀመሪያ ማን... ምንድነው እሱ?» አለች። «ይሄን አልጋ ከቤት ስናወጣው ማን ቀድሞ አነሣ? እሱ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ፣ በል በይ ተባብለን ነው። አንዳችን ብንቀድም ይሰበር ነበር። እናንተም ተገላለሉ፣ በቃ።»

«ምን እንሁን?» አሉ ሽማግሌው።

«ተገላለሉ ነዋ ጌታዬ። እርስዎም ገለል፣ እሱም ገለል። እኩል።»

እልፍኝ አስከልካዩ ቃሉን በአፋቸው አንዴ አዟዟሩት። በእልፍኝ ውስጥ ሲያገለግሉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ የአንዲት ቃል ክብደት ይገባቸዋል። መሸሽ አይደለም። ማፈግፈግ አይደለም። እጅ መስጠትም አይደለም። ሁለት ሰዎች ተሳሳሙ ሲባል ማን ቀደመ ተብሎ እንደማይጠየቅ፣ ተገላለሉ ሲባልም የሚጠየቅ የለም። ሂድና እንዲህ በለው አሉት አናጢውን፤ መለከት ሲነፋ እንገላለል።

ሻምበሉ ሲሰማ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «እንገላለል ነው ያሉት? በዚህችው ቃል?»

«በዚህችው ቃል ሻምበል።»

እሺ አለ። ጨምሮም፣ ጣውላው የእኔ ስለሆነ ግርጌውን የሚይዙ አራት ሰዎች ከእኔ በኩል ይሂዱ አለ።

መለከቱ ተነፋ። በወዲህ ዳርቻ ሸራው በመድፎቹ ላይ ተጎተተ፤ በወዲያ ዳርቻ ሰልፈኛው ፊቱን ወደ ሰፈሩ አዞረ፤ በድልድዩ አጋማሽ ከወዲህ አራት፣ ከወዲያ አራት፣ ስምንት ወታደሮች ጠመንጃቸውን ድንጋዩ ላይ አጋደሙ። ማን እንደቀደመ ያየ የለም፤ ሁሉም የሚያየው የየራሱን እጅ ነበር። አግዳሚው እንጨት ተነሣ። አራቱ በራስጌ፣ አራቱ በግርጌ ሆነው «በል» ተባብለው አልጋውን ትከሻቸው ላይ አወጡት። ሚስቲቱ ቋጠሮዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ከአልጋው ኋላ መራመድ ጀመረች። እንድትሻገር የፈቀደላት የለም። አሥር አለቃው ሽማግሌውን አያቸው፤ ሽማግሌው ወንዙን ማየት ጀመሩ። አናጢውም ተከተላት።

ሸማኔው ቤት በር ላይ መለከት ሲነፋ ልጅቱ ፈትል እያጠነጠነች ነበር። ባሏን ሊወስዱት የመጡ መስሏት ጭንቅላቷን እንደታሰረች ብቅ ስትል፣ መጀመሪያ ያየችው ስምንት ወታደር፣ ቀጥሎ አልጋ፣ ቀጥሎ እናቷን ነው። እናትና ልጅ ሲተቃቀፉ አልጋ የተሸከሙት ሰዎች እስኪጨርሱ ቆሙ፤ ብዙ ቆሙ። ከዚያ አልጋው በበሩ አልገባም አለ። አናጢው የበሩን ስፋት ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በዓይኑ እንደለካው ሲምል፣ ሚስቱ በዓይን መለካት ያመጣው ይኸው ነው አለችው። መፈታታት ግድ ሆነ። ከነካባቸው አብረው የመጡት እልፍኝ አስከልካይ ሾልከው የወጡትን የእንጨት ችንካሮች በመዳፋቸው ይዘው፣ አንድ በአንድ ለአናጢው እያቀበሉ አስገጣጠሙት። ከዚያ ወደ ልዑሉ ሄዱ።

ልዑሉ ነገሩን ብቻቸውን ሆነው ሰሙ። መጀመሪያ ልጅቱ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁ፤ አልጋው እንዴት ያለ ነው ብለውም ጠየቁ። ከዚያ ለወንድማቸው በሽቦ እንዲላክ አዘዙ፦ «አልጋው ደረሰ። የሚተኙበት ነው።» ጠቡ ከተነሣ ወዲህ በወንድማማቾቹ መካከል የተላከ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ታላቅየው የሆነውን ከሻምበሉ ሰምተው ስለነበር መልሱ ቶሎ መጣ፦ «እግርህን ሰብስበህ ተኛ።» ልዑሉ ይህን ሲያነቡ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እየሳቁ ነው ወይስ ሌላ ነው፣ እልፍኝ አስከልካዩ እስኪሞቱ ለማንም አልተናገሩም።

ጦሩ ከወንዙ ዳርቻ ለመነሣት ገና ብዙ ጊዜ ወሰደ። በስምምነቱ ላይ ግን «ሁለቱ ወገኖች ይገላለላሉ» ተብሎ ተጻፈ እንጂ ሌላ ቃል አልገባበትም። ከዚያ በኋላም በሁለቱም ማዶ አልጋ የሚል ነገር የሰማ ሰው፣ የሚተኙበት ነው የሚጣሉበት ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም ነበር።

ይህ ግን ኋላ ነው። በዚያች ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በሸማኔው ቤት ጓዳ ውስጥ እናትና ልጅ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው የክረምቱን ወሬ ሁሉ እየተቀባበሉ ነበር። አማቹ ደጅ ላይ ለአልጋ ተሸካሚዎቹ ውኃ ያቀርባል። የወዲህም የወዲያም ወታደሮች አንድ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው፣ የዋሉበትን ለሚያልፈው ሁሉ ይተርካሉ። አናጢው የመሬቱ አለመስተካከል አላስችል ብሎት፣ አንዷ እግር ሥር የምትገባ ሽብልቅ ይዞ ከአልጋው ሥር በሆዱ ተኝቷል።

በመንገዱ በኩል የጋሪ መንቋቋት፣ ከዚያም የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ ተሰማ። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ተገናኝተው፣ አንተ ተመለስ፣ የለም አንተ ተመለስ ይባባላሉ። ቆይቶ አናጢው የማያውቃት ሴት ድምፅ ከአንድ መስኮት ወጣ።

«ኧረ ተገላለሉ እናንተ ሰዎች! መንገዱን ዘጋችሁት እኮ!»

ጭቅጭቁ ቆመ። ጎማዎቹ ድንጋዩን ፈጭተው አለፉ። አናጢው ከአልጋው ሥር ሆኖ ሚስቱን ሊጠራት አሰበ፤ እሷ ግን ወሬ ላይ ነበረች፣ ልጇም ትስቃለች። ተዋት። ሽብልቁን በመዶሻው እጀታ ቀስ ብሎ መታ፣ አልጋውን በእጁ ገፋ አድርጎ ሞከረው፤ አልነቃነቅ ሲለው እዚያው በጀርባው ዞሮ ጋደም አለ።